ቲዩቡ ላይ የማን ስም ነው?

ባለፈው ክረምት አክስቴ ታማ ከመንጌ ለሕክምና ስትመጣ የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። የደም ምርመራ ታዘዘላት፣ ሰጠች፤ ከሰዓት ውጤት ለመቀበል መስኮቱ ጋ ቆምን። ባለሙያው "ፋጡማ አሕመድ!" ብሎ ሲጣራ ሁለት ሴቶች "አቤት" አሉ። አንዷ አክስቴ ናት፤ ሌላዋን አናውቃትም። ወረቀቱ ላይ የአያት ስም የለም፣ ዕድሜ የለም፣ የካርድ ቁጥር ቦታው ባዶ ነው። ልጁ ወደ ውስጥ ገብቶ ቲዩቦቹንም አየ። እነሱም ላይ ያው ስም ብቻ ነው። "ይቅርታ እናቶቼ፣ ሁለታችሁም እንደገና ብትሰጡ ይሻላል" አለ።

በጣም ነበር የተናደድኩት። አሁን ሳስበው ግን ልጁ ትክክል ነው። ገምቶ ቢሰጠንስ ኖሮ? አክስቴ በሌላ ሰው ስኳር መድኃኒት ትጀምር ነበር፤ ያቺ ሴት ደግሞ "ምንም የለብሽም" ተብላ ቤቷ ትገባ ነበር።

በላቦራቶሪ ስሕተት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ናሙናው ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። መፍትሔው ደግሞ ውድ አይደለም። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና ሰዓት። የሚጻፈውም ክዳኑ ላይ ሳይሆን ቲዩቡ ላይ ነው፤ ክዳን ይነቀላል፣ ይቀያየራል። ደሙ እንደተቀዳ፣ ታካሚው ፊት ይጻፋል እንጂ ጠዋት ተጽፎ የተደረደረ ቲዩብ አይጠበቅም። የወባ ስላይድ ላይ በእርሳስ የሚጻፈውም በምክንያት ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል።

አጠያየቁም ራሱን የቻለ ነገር ነው። "ፋጡማ ነዎት?" ከተባለች፣ አማርኛ እንደልቧ የማይሆንላት የበርታ እናት "አዎ" ብላ ታልፋለች። "ስምዎ ማን ነው? የአባትዎስ?" ሲባል ግን ራሷ ትናገራለች።

ስም ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፤ ቀስ ተብሎ ካልተገለባበጠ ደሙ ይረጋል፣ በኃይል ከተናጠ ደግሞ ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ። በተራ ቲዩብ ሳይለይ የተቀመጠ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፤ እንደ አሶሳ ባለ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ የሚላክ ናሙናንማ ተዉት። እዚያ ያለው ባለሙያ ታካሚውን አያየውም፤ የሚያየው ጽሑፉን ብቻ ነው።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ፣ ሂሳቡን ሠራሁት። የመንጌ መኪና አመለጠን፤ ስለዚህ የአልጋ ተከፈለ፣ የምግብ ተከፈለ። መንጌ ላይ ከእርሻው ጎን ወርቅ የሚያጥብ ብዙ ነው፤ አክስቴም ከእነሱ አንዷ ናት፣ ሁለት ቀን ሥራዋ ቀረ። ከሁሉም የገረመኝ ግን የምርመራውን ዋጋ እንደገና ክፈሉ መባላችን ነው። ሙግት ብገጥምም ሰሚ አላገኘሁም።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ስሕተቱን የሠራው ተቋሙ፣ ዋጋውን የከፈለችው አክስቴ። የስሕተቱን ዋጋ የማይከፍል ደግሞ ለማረም አይቸኩልም። ባለሙያውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም፤ ያን ቀን ሰልፉ ሙሉ፣ እሱ ብቻውን ነበር። ግን በተቋሙ ጥፋት የተደገመ ምርመራ በነጻ ይሁን የሚል አንድ ደንብ ቢኖር፣ የካርድ ቁጥር ቦታው ባዶ ሆኖ የሚያልፍ ወረቀት የሚቀንስ ይመስለኛል።

እስከዚያው እኛም የምንችለው አለ። ስማችሁን እስከ አያት ተናገሩ፤ ቲዩቡ ላይ ሲጻፍ እዩ፣ ማንበብ የማይችል ካለ አስታማሚው ያንብብለት። እኔ የአክስቴን ካርድ ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። እሷ ደግሞ ባለፈው ወር ደም ስትሰጥ "ልጄ፣ የማንን ስም ነው የጻፍከው?" ብላ ጠየቀች። ባለሙያው ቲዩቡን አዙሮ አነበበላት፤ አልከፋውም።