አውራ ጣት የት ይረፍ?

ቆልማማ እግር ሕፃኑ ይዞት የሚወለደው የእግር መዞር ነው። ተረከዙ ወደ ላይ ይሳባል፣ የእግሩ ፊት ወደ ውስጥ ይዞራል፣ የውስጥ እግሩ ቅስት ይጎደጉዳል። በዓለም ላይ ከ1,000 ሕፃናት አንዱ ግድም እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ወንዶቹ የሴቶቹን እጥፍ ያህላሉ፤ በግማሾቹ ላይ ደግሞ ሁለቱም እግሮች ቆልማማ ናቸው። የተሰበረ አጥንት የለም። ያጠሩና የጠነከሩ ጅማቶች አጥንቶቹን አዙረው ይዘዋቸዋል። በጨቅላነት ግን ሁሉም ገና ለስላሳ ስለሆነ በእጅ ይመለሳል።

እጅ ሲባል ብዙ ዘመን ጉልበት ማለት ነበር። በጉልበት ያልተመለሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄድ ነበር። ይህን ልማድ የለወጠው በ1914 እ.ኤ.አ. በሜኖርካ ደሴት ከሰዓት ጠጋኝ አባት የተወለደው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ነው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን አከመ፣ ወገኑ ከተሸነፈ በኋላ ተሰድዶ በሜክሲኮ የገጠር ሐኪም ሆነ፣ በ1941 ወደ አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ፖንሴቲ በልጅነታቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ሲመረምር እግራቸው ደርቆና እያመማቸው አገኘ። የእግርን አካል ከፍቶ አጠና፤ በ1948 ገደማም የራሱን ዘዴ ጀመረ። ውጤቱን በ1963 ቢያሳትምም ሌሎች ሐኪሞች በብዛት የተከተሉት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። መዘግየቱ አያስገርምም፤ ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ ጣቱ የት ማረፍ እንዳለበት በንባብ ብቻ አያውቅም።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሚስተካከለው ቅስቱ ነው። ጀማሪ የእግሩን ፊት ወደ ውጭ መገልበጥ ይቃጣዋል፤ ትክክሉ ግን የአውራ ጣቱን መስመር ከፍ አድርጎ ከሌሎቹ ጋር ማስተካከል ነው። እግሩ ለጊዜው የባሰበት ይመስላል፤ ወላጅም ተማሪም የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የሐኪሙ አውራ ጣት ከቁርጭምጭሚቱ ፊት በውጭ በኩል ጎልቶ በሚዳሰሰው የታለስ አጥንት ራስ ላይ ያርፋል፤ ሌላው እጅ የእግሩን ፊት ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ይመልሳል። ተረከዙ አይነካም። ታለስ ከቆመ ተረከዙ ራሱ ከሥሩ ይዞራል። አውራ ጣቱ ጥቂት ሸርተት ብሎ ተረከዝና ኩቦይድ አጥንት የሚጋጠሙበት ላይ ቢጫን ግን ተረከዙ ይታገዳል፤ የቱንም ያህል ቢገፋ እግሩ መሃል ላይ ይጎብጣል እንጂ አይመለስም። በአትላንታ ይሠራ በነበረው ሐኪም ስም “የካይት ስህተት” የሚባለው ይህ ነው። ካይት ራሱ የዋህ እጅ ነበረው፤ ታካሚዎቹ ግን ለብዙ ወራት በጀሶ ይቆዩ ነበር። ዋናው ነገር እንግዲህ የኃይሉ ማነስ ሳይሆን የቦታው ትክክለኛነት ነው።

እግሩ ከተሳበ በኋላ በስሱ ጥጥ ይጠቀለልና ጀሶ ይደረግበታል። መጀመሪያ እስከ ጉልበት ድረስ ተጠቅልሎ በጣት ይቀረጻል፤ ከዚያ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ታጥፎ እስከ ጭን ይቀጥላል። ጀሶው በየሳምንቱ ይለወጣል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። እግሩ ወደ ውጭ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሲዞር ተረከዙ ብቻ ይቀራል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት በአካባቢ ማደንዘዣ የተረከዝ ጅማታቸው በትንሽ ቀዳዳ በኩል ሙሉ በሙሉ ይቆረጥና የመጨረሻው ጀሶ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ጅማቱ በዚያ ጊዜ ረዝሞ ይገጥማል። እናት እያጠባች ሥራው ቢከናወን ይመረጣል፤ ጡት ጥሎ የሚያለቅስ ሕፃን የሐኪሙ እጅ እንደከበደ ይነግረዋል።

ይህን ለመማር ሥልጠናው አጭር ነው፤ ልምዱ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከ2015 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና አጋሮቹ በኢትዮጵያ፣ በሩዋንዳና በኬንያ ባካሄዱት የቆልማማ እግር ሥልጠና መነሻው የሁለት ቀን ኮርስ ነበር፤ የአሠልጣኞች ሥልጠናም ነበረው። ተማሪው በመጀመሪያ የታለስን ራስ በራሱ እግር ላይ ይዳስሳል፣ ቀጥሎ በአጥንት ሞዴል ላይ ይሠራል። ወደ ሕፃኑ ሲደርስ የአሠልጣኙ ጣት ከተማሪው ጣት በላይ ይሆናል። ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች ጀሶውን እንደ ሐኪም ይሠራሉ፤ ኢትዮጵያን በመሰለ አገር ይህ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ሙያው ቢኖርም፣ ለምሳሌ በሐዋሳ፣ ከባዱ ነገር ቀጠሮው ነው። ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ታካሚ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከጌዴኦ፣ ከጉጂና ከወላይታ ይመጣል። በየሳምንቱ ሕፃን አዝሎ ከበንሳ ወይም ከዲላ መመላለስ የትራንስፖርት ብር ነው፣ የሥራ ቀን ነው፤ በክረምት ደግሞ ጀሶውን ዝናብ ያረጥበዋል። አንዳንዱ ቤተሰብ ቀድሞ ወጌሻ ጋ ሄዷል። ወጌሻን መናቅ አይጠቅምም፤ በኢትዮጵያ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለወጌሾች የተሰጠ የአንድ ቀን ትምህርት ከጠበቀ እስር በሚመጣ ጋንግሪን የሚቆረጡ እጅና እግሮችን እንደቀነሰ አሳይቷል። ዘግይቶ የመጣም ተስፋ አለው። ዶክተር ብርሃኑ አያናና የኖርዌይ ባልደረባቸው በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ2 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው ኢትዮጵያውያን ልጆች በዚሁ ዘዴ ጥሩ ውጤት አግኝተዋል።

ከጀሶ በኋላ ባለሙያው የሚያስተምረው ቤተሰቡን ነው። በብረት ዘንግ የተያያዙ ጫማዎች ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አራት አምስት ዓመት በእንቅልፍ ሰዓት ይደረጋሉ። የታከመው እግር ወደ ውጭ 70 ዲግሪ፣ ጤነኛው 40 ዲግሪ ይዞራል። በኡጋንዳ ሚሂል ስቴንቤክ የፈጠረው ዓይነት ከቆዳና ከብረት እዚያው አገር ውስጥ ይሠራል። እግሩ የዳነ መስሎት ጫማውን የሚያስቀር ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ለዳግም መዞር ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። ዳግም መዞሩ ቶሎ ከታየ ጥቂት ጀሶ ይደገማል። ሲራመድ እግሩን ወደ ውስጥ የሚገለብጥ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የሆነ ልጅ ደግሞ የፊት ቅልጥም ጅማቱ ወደ እግሩ ውጭ በኩል እንዲዛወር ለቀዶ ሕክምና ይላካል።