የከተማ ልማት ፕሮግራም ከማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ሲደርስ

ዘላቂ የከተማ ልማት የሚባለው ዛሬ የሚሠራው መንገድ፣ የጎርፍ ቦይ ወይም የቆሻሻ ማስወገጃ አካባቢን ሳይበክል፣ ነዋሪውን ያለ ካሳ ሳያፈናቅልና ከተማዋ በራሷ ገቢ ጠብቃ ልታቆየው በምትችለው መጠን እንዲገነባ የማድረግ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ይህን ዓላማ ይዘው የተካሄዱት ትልልቅ ፕሮግራሞች ገንዘባቸው በፌዴራል ደረጃ የሚገኝ፣ ክትትላቸው በክልል ቢሮዎች የሚከናወን፣ ሥራቸው ደግሞ በከተማ አስተዳደሮች እጅ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ውጤታቸው ከምህንድስናው ይልቅ በሦስቱ የመንግሥት እርከኖች መናበብ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ይገኛል። ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ ካሳ ብዙ ወረቀት ይጻፋል፤ የተሠራውን ጠብቆ የማቆየቱ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ባለቤት አያገኝም።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በከተማ የሚኖረው ከአገሪቱ ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ከተሞቹ ግን ከማዘጋጃ ቤቶቻቸው አቅም በላይ በፍጥነት እየሰፉ ስለነበር፣ በ2000 ዓ.ም. በዓለም ባንክ 150 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አዲስ አበባን ጨምሮ በ19 ከተሞች የከተሞች አስተዳደር ልማት ፕሮግራም፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ዩኤልጂዲፒ፣ ተጀመረ። በ2006 ዓ.ም. የጸደቀው ሁለተኛው ምዕራፍ በ380 ሚሊዮን ዶላር ብድር 44 ከተሞችን ሲያቅፍ፣ በ2010 ዓ.ም. የተካው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም፣ ማለትም ዩአይአይዲፒ፣ በ600 ሚሊዮን ዶላር የባንኩ ድጋፍ፣ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ተጨማሪ መዋጮና በመንግሥት ድርሻ 117 ከተሞችን ለመድረስ ተነሣ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ19 ወደ 117 መሸጋገር ቁጥርን ማብዛት ብቻ አልነበረም፤ አዲስ የገቡት አብዛኞቹ ትንንሽ ከተሞች በመሆናቸው፣ አንድ መሐንዲስ ዲዛይኑን አዘጋጅቶ፣ በጨረታ ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ሥራውንም ራሱ በሚቆጣጠርበት ማዘጋጃ ቤት ላይ የትልቅ ከተማ አሠራር ተጭኗል።

የፕሮግራሞቹ ዋና ፈጠራ ገንዘብን ከአፈጻጸም ጋር ማሰሩ ነበር። ከተማዋ ድጎማውን ለማግኘት በቅድሚያ ዝቅተኛ ቅድመ ሁኔታዎች የሚባሉትን ማሟላት ይጠበቅባት ነበር፤ ከእነዚህም መካከል የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ ማለትም በቀጣዮቹ ዓመታት የትኛው ሥራ በምን ቅደም ተከተልና በየትኛው ገንዘብ እንደሚሠራ የሚያሳይ ተንከባላይ ዕቅድ ማዘጋጀት፣ እንዲሁም የሒሳብ ሰነድን በወቅቱ ዘግቶ ለምርመራ ማቅረብ ይገኙባቸው ነበር። ይህን ያለፈች ከተማ በዕቅድ፣ በገቢ አሰባሰብ፣ በግዥ፣ በግልጽነትና በመሰል ዘርፎች በየዓመቱ ከከተማዋ ውጭ በሆነ ገለልተኛ መዛኝ ነጥብ ይሰጣት ነበር፤ የሚደርሳት ገንዘብም በሕዝቧ ብዛትና ባገኘችው ነጥብ ይሰላ ነበር።

ይህ አሠራር ያመጣው ለውጥ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ ዓመታት ያስቆጠረ ያልተዘጋ ሒሳብ የነበረባቸው ማዘጋጃ ቤቶች መዝገባቸውን ማጽዳት የጀመሩት ኦዲት ያልተደረገ ከተማ ገንዘብ እንደማያገኝ ከተረዱ በኋላ ነው። በሌላ በኩል ግን መዛኙ የሚያየው በአመዛኙ ሰነድ ስለነበር፣ ቃለ ጉባኤውን አሟልቶ፣ ፎቶግራፉን አያይዞ ፋይሉን ያሰናዳ ከተማ፣ ሥራውን በደንብ ሠርቶ ፋይሉን ካላሰናዳ ጎረቤቱ የተሻለ ነጥብ የሚያገኝበት አጋጣሚ ነበር። የክልል ቢሮዎች ተንቀሳቃሽ ቡድኖች፣ ማለትም የፋይናንስ፣ የግዥና የምህንድስና ባለሙያዎችን ይዘው ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ እንዲደግፉ የተመደቡት ቡድኖች፣ ከምዘናው ወር በፊት ተፈላጊ የሚሆኑትም ያለምክንያት አልነበረም።

ቅንጅቱ ከሚፈተንባቸው ነገሮች አንዱ የቀን መቁጠሪያው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር ክረምቱ ገብቷል፤ ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልልም ወደ ከተማዋ ሒሳብ እስኪተላለፍ ቁፋሮ የማይቻልባቸው ሳምንታት ያልፋሉ፤ ጨረታው ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ አሸናፊው ውል እስኪፈራረም መኸሩ ይጋመሳል። ዲዛይኑንና የጨረታ ሰነዱን በግንቦትና በሰኔ ያጠናቀቀች ከተማ በጥቅምት ሥራ ስትጀምር፣ ገንዘቡ እስኪመጣ የጠበቀችው ግን የመንገድ አፈሩን ዝናብ ሊመጣ ሲል ትከፍታለች። ስለዚህ የአንድ ጥሩ አስተባባሪ ችሎታ የሚታወቀው በጀት በሌለበት ወር በሚሠራው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉም በላይ የቅንጅት ጉድለት በዓይን የሚታየው በአንድ የሰፈር መንገድ ላይ ነው። በተለምዶ ኮብልስቶን የሚባለው የጌጠኛ ድንጋይ ንጣፍ በእነዚህ ዓመታት የኢትዮጵያን ከተሞች መልክ ከለወጡ ሥራዎች ዋነኛው ሲሆን፣ ድንጋዩን በመዶሻና በመሮ ወደ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ጠርበው፣ በአሸዋ ላይ አሰልፈው የሚያነጥፉት በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተደራጁ ወጣቶች ስለሆኑ ለብዙዎች የመጀመሪያ ደመወዛቸው የመጣው ከዚሁ ነው፤ በብዙ ሰፈር ነዋሪውም የወጪውን ድርሻ አዋጥቷል። ንጣፉ የሚጸናው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ በጠርዝ ድንጋይ ታስሮ እስካለ ድረስ ነው። አንድ ጊዜ ለውኃ ቧንቧ ወይም ለኬብል ተቆፍሮ፣ አፈሩ በንብርብር ሳይጠቀጠቅ ድንጋዩ ከላይ ብቻ ከተመለሰ፣ በመጀመሪያው ክረምት ቦታው ይሰረጉዳል፤ ውኃ ያቁራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፍ እያንዳንዱ የጭነት መኪና ጉድጓዱን ያሰፋዋል።

ቆፋሪው ማን ነው ቢባል መልሱ አንድ ተቋም አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮምና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የፌዴራል ተቋማት ናቸው፤ የከተማው የውኃ አገልግሎት በራሱ ቦርድ ይመራል፤ መንገዱን ያሠራው ደግሞ ከተማ አስተዳደሩ ነው። ከንቲባው የሰፈሩን መንገድ ሊያስመርቅ ይችላል፤ የፌዴራሉ ተቋም ኬብሉን መቼ እንደሚዘረጋ የመወሰን ሥልጣን ግን የለውም። ይህ ችግር በመታወቁ በአዋጅ ቁጥር 857/2006 የፌዴራል የተቀናጀ መሠረተ ልማት ማስተባበሪያ ኤጀንሲ ተቋቁሞ የነበረ ሲሆን፣ ኃላፊነቱም በኋላ በ2014 ዓ.ም. ወደተቋቋመው የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ተሻግሯል። ይሁንና በአዲስ አበባ የተቀመጠ አስተባባሪ በአንዲት መካከለኛ ከተማ የሚገኝን መንደር ቁፋሮ ሊያይ አይችልም፤ ነገሩ የሚስተካከለው የከተማዋ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ሲመከርበት የመብራቱም፣ የስልኩም፣ የውኃውም ኃላፊዎች አብረው ተቀምጠው፣ ቧንቧውና ኬብሉ ከንጣፉ በፊት እንዲገባ ሲስማሙ ነው።

የጎርፍ ቦዩ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ቦዩ በፕሮግራሙ ገንዘብ በግንብ ተሠርቶ ይመረቃል፤ ብዙም ሳይቆይ ደለል፣ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሞላዋል፣ የአንዳንድ ቤት የፍሳሽ መስመርም በስውር ይገባበታል። ሰኔ ሲቃረብ የጽዳት ዘመቻ ይጠራና ጭቃው ወጥቶ እዚያው ቦዩ አፍ ላይ ይከመራል፤ የሚያነሳው መኪና በጽዳት ክፍሉ፣ የቦዩ ጥገና በመሠረተ ልማት ክፍሉ፣ ነዋሪውን የማንቀሳቀሱ ሥራ በቀበሌው ስለሚያዝ፣ ሦስቱ በአንድ ቀን ካልተገናኙ ጭቃው ወደ ቦዩ ይመለሳል።

የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ደግሞ ቅንጅቱን ከከተማዋ ወሰን ውጭ ያወጣዋል። ለዚህ የሚሆን ሰፊ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአጎራባች የገጠር ወረዳ ውስጥ በመሆኑ፣ ቆሻሻው የከተማው፣ መሬቱ የወረዳው፣ ካሳ ጠያቂው ደግሞ አርሶ አደሩ ይሆናል። የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች አስቀድመው እንዲያውቁና ካሳ እንዲከፈላቸው ቢደነግግም፣ የወረዳው አስተዳደር ከማስወገጃው ምን እንደሚጠቀም ሁለቱ አስተዳደሮች ካልተነጋገሩበት ቦታው ለዓመታት በደብዳቤ ልውውጥ ሊቆይ ይችላል። ይህን በገንዘብ ብቻ መፍታት አይቻልም።

ጠብቆ የማቆየቱ ወጪ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ ፕሮግራሙ ያቀረበው መልስ የሀብት አስተዳደር ዕቅድ ሲሆን፣ ይህም ከተማዋ ያላትን መንገድ፣ ቦይና ሕንፃ ቆጥራ፣ ያሉበትን ሁኔታና የጥገና ፍላጎታቸውን የምትመዘግብበት ሰነድ ነው። መዝገቡ ጥሩ ነው፤ የጥገናው ገንዘብ ግን ከከተማዋ የራስ ገቢ መውጣት አለበት፤ ከነባር የከተማ ገቢዎች አንዱ የሆነው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደግሞ መሠረቱ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ስለነበር ግምቱ ከወቅቱ የቤት ዋጋ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። የሊዝ ገቢም ቢሆን መሬት በሊዝ በተላለፈበት ዓመት የሚያብጥ፣ ባልተላለፈበት ዓመት የሚደርቅ ስለሆነ ቋሚ የጥገና በጀት አይመሠረትበትም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ክፍተት ለመሙላት የወጣ ሲሆን፣ ተፈጻሚነቱ እያንዳንዱ ቤት ተለይቶ፣ ተለክቶና ተገምቶ በመመዝገቡ ላይ ይመሠረታል። የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ የግብር ከፋይ መዝገብና የማዘጋጃ ቤቱ የይዞታ መዝገብ ሳይገናኙ በቆዩባት ከተማም፣ ከታክሱ በፊት የሚቀድመው ሥራ ሁለቱን ቢሮዎች አስቀምጦ መዝገቦቹን ቤት ለቤት እያመሳከሩ አንድ ማድረግ ነው።