የእንጨት ተረፈ ምርት ኬሚካዊ ቅድመ ዝግጅት

የእንጨት ተረፈ ምርት ኬሚካዊ ቅድመ ዝግጅት ማለት ሰጋቱራን፣ ፍቅፋቂንና የእንጨት ቁርጥራጭን በአሲድ፣ በአልካሊ ወይም በሌላ ኬሚካል በማብሰል ባዮሪፋይነሪ በተባለ ፋብሪካ ውስጥ ለሚከተለው ሥራ ማመቻቸት ነው። የነዳጅ ማጣሪያ ከድፍድፍ ዘይት ቤንዚን፣ ናፍጣና ሬንጅ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ባዮሪፋይነሪም ከዕፅዋት አካል ስኳር፣ ኢታኖልና ሌሎች ምርቶችን ለይቶ ያወጣል።

አስፈላጊነቱ

ከደረቅ እንጨት ክብደት ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህሉ ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ብዙ የግሉኮስ ሞለኪውሎች የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ቀሪው በአብዛኛው ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን ነው። ስለዚህ በሰጋቱራ ውስጥ ብዙ ስኳር ታስሮ ይገኛል፤ ሆኖም እርሾ በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። የሴሉሎስ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጠጋግተው የተደረደሩ ሲሆኑ፣ ሊግኒን ከሄሚሴሉሎስ ጋር ሆኖ እንደ ሙጫ አጣብቋቸዋል። በዚህ ምክንያት ሴሉሎስን ወደ ግሉኮስ የሚሰብሩት ኢንዛይሞች ወደ ውስጥ መግባት ያቅታቸዋል። የቅድመ ዝግጅት ዓላማ ይህን መዋቅር መክፈት ነው።

ዋና ዋና ዘዴዎች

በቀጭን አሲድ፦ እንጨቱ 1 በመቶ አካባቢ ሰልፈሪክ አሲድ ባለው ውሃ፣ ከ140 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ይበስላል። ሄሚሴሉሎሱ ወደ ስኳርነት ተሰብሮ ይሟሟል፤ አብዛኛው ሊግኒን ግን ከሴሉሎሱ ጋር ይቀራል።

በአልካሊ፦ ኮስቲክ ሶዳ ሊግኒንን ያሟሟል። እንደ ባሕር ዛፍ ላሉት የአበባ ተክል ዛፎች ይስማማል፤ ሊግኒናቸው ብዙ በሆነው የጥድ ወገን ዛፎች ላይ ግን ኃይሉ ይቀንሳል።

በሰልፋይት፦ የሰልፋይት ጨው ከሊግኒን ጋር ተዋህዶ በውሃ የሚሟሟ ሊግኖሰልፎኔት ያደርገዋል። ለጥድ ወገን ዛፎችም ያገለግላል።

በኦርጋኒክ አሟሚ፦ እንጨቱ በኢታኖልና በውሃ ድብልቅ ይበስላል። የሚወጣው ሊግኒን ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ኢታኖሉን አጣርቶ መልሶ ለመጠቀም ብዙ ኃይል ይጠይቃል።

የዘዴዎቹ ገደብ

ቅድመ ዝግጅቱ ከላላ ኢንዛይሞቹ ወደ ሴሉሎሱ አይደርሱም፤ ከበረታ ደግሞ የተገኘው ስኳር ራሱ ይበላሻል። በአሲድና በሙቀት ብዛት ዛይሎስ የተባለው ስኳር ወደ ፈርፉራል፣ ግሉኮስም ወደ ሃይድሮክሲሜቲልፈርፉራል ይቀየራሉ። ሁለቱም የእርሾን ሥራ ያውካሉ። አሲዱን በኖራ ማርከስም ጂፕሰም የተባለ ዝቃጭ ያስከትላል። ስለዚህ ለሁሉም ዓይነት እንጨት የሚስማማ አንድ ዘዴ የለም፤ ምርጫው በዛፉ ዓይነትና በሚፈለገው ምርት ይወሰናል።

ተረፈ ምርቱ ከፈረሰ ቤት ወይም ከአሮጌ ምሰሶ የመጣ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። ምስጥና ብስባሴን ለመከላከል በመዳብ፣ በክሮምና በአርሴኒክ ውሁድ የተነከረ እንጨት መርዛማ ብረቶችን ወደ ፈሳሹ ይለቃል። እንዲህ ያለው እንጨት አስቀድሞ ተለይቶ መውጣት አለበት።

ታሪክና ምሳሌ

ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ብራኮኖ በ1819 እ.ኤ.አ. ከአሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ በሰልፈሪክ አሲድ ስኳር ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ጨርቁ ሊግኒን የለውም ማለት ስለሚቻል ሥራው ከእንጨት ይልቅ ቀላል ነበር።

በኖርዌይ ሳርፕስቦርግ ከተማ የሚገኘው የቦረጋርድ ፋብሪካ የስፕሩስ ዛፍ ፍቅፋቂን በሰልፋይት ያበስላል። ሴሉሎሱ ለልዩ ልዩ ኢንዱስትሪዎች ይሸጣል። ወደ ፈሳሹ ከገባው ስኳር ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢታኖል ይጠመቃል። ሊግኖሰልፎኔቱ ለኮንክሪት ማቅጠኛ ይውላል፤ ከፊሉም ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምግብ ማጣፈጫ የሆነው ቫኒሊን ይሠራበታል። የቅድመ ዝግጅት ወጪ ከፍተኛ በመሆኑ፣ ሦስቱንም የእንጨት ክፍሎች ለገበያ የሚያበቃ ፋብሪካ ኢታኖል ብቻ ከሚያመርተው ይልቅ ወጪውን ለመሸፈን ይቀለዋል።