ከፔሮል እስከ መድኃኒት ቤቱ መስኮት

ሳጥኑን ይክፈቱና የጤና መድን መታወቂያውን ያውጡት። የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም፣ የልጆቹ ስም፣ ፎቶ፣ ማኅተም። ማንኩሳ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ያሳዩታል፣ ካርድ ይወጣልዎታል፣ ተመርምረው መድኃኒትዎን ይዘው ይመለሳሉ። ምርት ከገባ በኋላ መዋጮውን ከፍለው ያሳድሱታል። ከዚያ እስከ ሌላ ሕመም ድረስ ሳጥን ውስጥ ይተኛል።

እኔ ግን በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የዚህችን ወረቀት ያህል ብልሃት የተሸከመ ጥቂት ነው እላለሁ። ብልሃቷን ለማየት አንድ እፍኝ በቆሎ፣ አንድ ፍሬ ባቄላና አንድ ኩባያ ይበቃል። ልጆቹንም ይጥሯቸው፤ ይወዱታል።

ኩባያው ውስጥ 19 ፍሬ በቆሎና 1 ፍሬ ባቄላ ይጨምሩ። ዓይንዎን ጨፍነው አንድ ፍሬ ያውጡ፣ አይተው ይመልሱት፣ ኩባያውን ነቅንቀው ደግመው ያውጡ። እያንዳንዱ ፍሬ የአንድ ቤት የአንድ ዓመት ዕጣ ነው እንበል። በቆሎ የወጣለት ቤት ዓመቱን በጤና አለፈ። ባቄላ የወጣለት ቤት ሰው ታሞበት 5000 ብር አወጣ። ለ20 ቤት 20 ጊዜ ያውጡና ባቄላው ስንቴ እንደወጣ ጭረት እያደረጉ ይመዝግቡ።

በሒሳብ ከሄድን አንድ ጊዜ ነው መውጣት ያለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት 250 ብር ቢያዋጣ 5000 ብር ይሆናል፣ የታመመው ይታከማል። ሲሞክሩት ግን ባቄላው አንዳንዴ ጭራሽ አይወጣም፣ አንዳንዴ ሦስቴ ይወጣል። ሦስቴ የወጣ ዕለት የ20 ቤት ገንዘብ አይበቃም፤ ሁለት በሽተኛ ያለ መታከሚያ ይቀራል።

አሁን ያንኑ ጨዋታ ልጆቹ እየተቀባበሉ 20 ዙር ይጫወቱ፤ 400 ቤት ማለት ነው። ጭረቱን ሲደምሩት 20 አካባቢ ያገኛሉ። 17 ሊሆን ይችላል፣ 24 ሊሆን ይችላል። ምንም አለመውጣት ወይም 60 መድረስ ግን አይታሰብም። ማን እንደሚታመም ዛሬም አናውቅም፤ ስንት ሰው እንደሚታመም ግን ከሞላ ጎደል አወቅን። መዋጮን ቀድሞ ለመቁረጥ የሚያስችለው ይህ ነው። አንድ የመንደር እድር ለቀብር እንጂ ለቀዶ ሕክምና የማይበቃውም ሰዎቹ ስለማይተዛዘኑ አይደለም፤ ቁጥራቸው ስለሚያንስ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። «እኛ ደህና ነን፣ ለምን እንከፍላለን?» የሚሉ ቤቶች ይውጡ። ከኩባያው 15 በቆሎ ያንሡ። የቀረው 4 በቆሎና 1 ባቄላ ነው። ያንኑ 5000 ብር ለመሸፈን አሁን እያንዳንዱ ቤት 250 ሳይሆን 1000 ብር ማዋጣት አለበት። ይህን ሲሰሙ ከቀሩት አምስት ቤቶች በጤናው የሚተማመነው ደግሞ ይወጣል። ከዚያ ሌላው። በመጨረሻ ኩባያው ውስጥ ባቄላው ብቻውን ይቀራል።

መታወቂያው ላይ የቤተሰቡ ሁሉ ስም የተደረደረው ለዚህ ነው። የታመመችውን አያት ብቻ አስመዝግቦ ጎረምሳውን መተው አይቻልም። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ደሃው ከኩባያው እንዳይወጣ።

ነገሩ ለእኛ አካባቢ ባዕድ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና ያኔ በምዕራብ ጎጃም ዞን የነበረው ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በየገጠሩ ሳጥን ውስጥ ያለው ወረቀት የእነዚያ ወረዳዎች ልጅ ነው።

ይህ መድን የተሠራው ግን ለገበሬው፣ ለነጋዴውና በራሱ ሥራ ለሚተዳደረው ነው። ደመወዝተኛውስ? መምህሯ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ቡሬ ላይ በተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም በፊቤላ ዘይት ፋብሪካ የሚሠራው ልጅዎ? ለእነሱ የታሰበው ሌላ መድን ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የወጣው ማኅበራዊ ጤና መድን። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው በላዩ 3 በመቶ። 10,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 300 ከእሱ፣ 300 ከአሠሪው። ነገር ግን መጀመሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየተገፋ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ያሳዝነኛል። ምክንያቱም የትልቅ አሠሪ ደመወዝ መክፈያ፣ ፔሮሉ፣ ለጤና መድን ከተፈጠሩት ኩባያዎች ሁሉ የተሻለው ነው።

ለምን? ሁለቱን ሙከራዎች ያስታውሱ። 1500 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ከ400 ቤቱ ኩባያ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ችግር ተፈታ። ሁለተኛው ደግሞ ከናካቴው አይነሣም፤ ፔሮል ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው የተቀጠረው ሊሠራ እንጂ ስለታመመ አይደለም። ብርቱውም ደካማውም፣ ወጣቱም ጎልማሳውም በአንድ ዝርዝር ላይ አሉ። ማንም ቤት ለቤት እየዞረ «እባካችሁ አድሱ» አይልም፤ መዋጮው ደመወዝ ሲከፈል ይቆረጣል። ጀርመኖች ይህን ቀድመው አይተውታል። በቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጡት ሕግ ከሠራተኛው ሁለት ሦስተኛ፣ ከአሠሪው አንድ ሦስተኛ እየተዋጣ የሠራተኞች ጤና መድን ተጀመረ።

እስካሁን ያወራነው ስለ ገንዘብ መሰብሰብ ነው። ወደ ጥራቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ትልቅ አሠሪ ከማንም በላይ ማድረግ የሚችለው።

መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆመው «የለም» ሲባሉ ምን ያደርጋሉ? ወረቀትዎን ይዘው ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳሉ። አንድ ሰው ምን ሊል ይችላል? ለ1500 ሠራተኛና ለቤተሰቡ ከሆስፒታል ጋር ውል የገባ አሠሪ ግን ገና ሳይፈርም እንዲህ ሊል ይችላል፦ እነዚህ መድኃኒቶች ከመደርደሪያው እንዳይጠፉ፤ ከጠፉም ሆስፒታሉ ገዝቶ ያቅርብ፤ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ ቀጠሮው ሳይዛነፍ ይታይ፤ ሒሳቡን በየወሩ አይተን እንከፍላለን።

«አይተን» የምትለዋ ቃል ትልቅ ሥራ ትሠራለች። የወሩን ማዘዣ ወረቀት አንድ ላይ ከምሮ የሚያነብ ባለሙያ ካለ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የማይታይ ነገር ይታያል። ለጉንፋን ሁሉ አንቲባዮቲክ ታዟል? በኪኒን የሚድነው ሁሉ በመርፌ ሆኗል? ከአንድ ክፍል የሚመጡ ሠራተኞች በሙሉ ወገባቸውን ነው የታመሙት? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሐኪም ቤቱ ጥያቄ ናቸው። ሦስተኛው የራሱ የፋብሪካው ነው፤ ምናልባት ጆንያው በሰው ጀርባ ሳይሆን በጋሪ መሄድ ነበረበት።

ስለ ዋጋም ቤትዎ የሚሞክሩት አለ። ያሉዎትን የኪኒን እሽጎች ጠረጴዛው ላይ ይደርድሩ። በትልልቅ ፊደል የተጻፈው የኩባንያው የንግድ ስም ነው። ከሥሩ በትንንሹ የተጻፈውን ያንብቡ፤ የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም እሱ ነው። ፓናዶል የሚለው እሽግ ላይ ፓራሲታሞል የሚል ያገኛሉ፤ ተራ ፓራሲታሞል ብለው የገዙትም ላይ ያው ነው፣ መጠኑም ብዙ ጊዜ 500 ሚሊ ግራም። የዋጋቸውን ልዩነት እርስዎ ያውቁታል። ውል የገባ አሠሪ «በንግድ ስም ሳይሆን በመድኃኒቱ ስም ይታዘዝ» ብሎ አንድ መስመር ቢጨምር፣ ሠራተኛው ያንኑ መድኃኒት ያገኛል፣ ከኩባያው የሚወጣው ብር ግን ይቀንሳል። መድኃኒትዎን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳይጠይቁ በራስዎ አይለውጡ እንጂ ስሙን ማንበብ ለማንም አይከለከልም።

ከሁሉ የሚገርመኝ አንድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ሲድኒ ጋርፊልድ የሚባል ወጣት ሐኪም በካሊፎርኒያ በረሃ ለውኃ ቦይ ቆፋሪዎች ትንሽ ሆስፒታል ከፈተ። በታከመው ሰው ልክ ሲያስከፍል ሊከስር ደረሰ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን 5 ሳንቲም አስቀድሞ እንዲከፈለው ተስማማ፤ ሠራተኛው ሌላ 5 ሳንቲም ከጨመረ ከሥራ ውጪ ለሚይዘውም ሕመም ይታከማል። ክፍያው ሲገለበጥ የሐኪሙ ሥራም ተገለበጠ። ሰው ሲታመም ገንዘብ ያገኝ የነበረው አሁን የሚያተርፈው ሰው ጤነኛ ሲሆን ነው። ስለዚህ ወደ ሥራው ቦታ ወርዶ እግር የሚወጋው ሚስማር እንዲነሣና እንዲመታ ማሳሰብ ጀመረ። ሄንሪ ካይዘር የተባለው ትልቅ ሥራ ተቋራጭ ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ ግራንድ ኩሊ ግድብ ሠራተኞቹ ወሰደው፤ ዛሬ በአሜሪካ ከታወቁት ትልልቅ የጤና ድርጅቶች አንዱ ከዚያ ነው የተወለደው።

በእኛ አገርም ሚስማሩን ያነሡ አሠሪዎች ነበሩ። ወንጂ ላይ የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የስኳር ልማቱን ሲያቋቁም የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የሠራተኛው ልጆች ጥርስ በለዘ፣ ለዓመታት የጠጡት ሰዎች አጥንትና ወገብ ደረቀ። እዚህ ላይ ሐኪም ቢደረደር ምን ያደርጋል? መድኃኒቱ ውኃው ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፍሎራይዱን የሚያስወግዱ ማጣሪያዎች በየካምፑ መተከል ጀመሩ። ዝዋይ ላይ ደግሞ የአበባ እርሻው ሼር ኢትዮጵያ ሆስፒታል ሠርቷል። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም አሠሪ ሁሉ የራሱን ክሊኒክ ቢሠራ አልመርጥም። የፍኖተ ሰላምን ወይም የቡሬን ሆስፒታል በውል ቢያጠናክር፣ መደርደሪያው ላይ የሚሞላው መድኃኒት ከገጠር በቃሬዛ ለመጣችው እናትም ይደርሳል።

ሕጉ የሚያስገድደውንም ማወቅ ጥሩ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ያለ ክፍያ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሕክምናውን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ስለዚህ የታመመ ሠራተኛ ወጪው ድሮም አሠሪው ደጅ ላይ ነበር፤ አስቀድሞ ቢከፍለው ይቀለዋል።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። በብር ሸለቆ በኩል ባሉት ሰፋፊ እርሻዎች በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋው የሚወርደው ሠራተኛ ብዙ ነው። ደጋ ያደገ ሰው ወባን የለመደ ሰውነት የለውም። ትንኟ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያድረው ዳስ ውስጥ ነው። ከጣቱ በአንዲት ጠብታ ደም የሚደረገው ምርመራ በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤቱን ያሳውቃል፤ በዕለቱ መድኃኒት የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይነሣል። «ትንሽ ይሻለኛል» ብሎ ሦስት ቀን የተኛው ግን ሊሞት ይችላል። አጎበር፣ የምርመራ ኪትና የሠለጠነ አንድ ሰው የእርሻው ሚስማር ማንሻዎች ናቸው።

ይህ ሠራተኛ የጤና መድን መታወቂያ የለውም ማለት አይደለም። አለው፤ ደጋው ቤቱ፣ ሳጥን ውስጥ። መታወቂያው የሚሠራው ደግሞ የወረዳው መድን ውል በገባባቸው ተቋማት ነው፣ ቆላው ውስጥ ያለው ጤና ጣቢያ ከእነሱ ላይሆን ይችላል። ፔሮል ላይም የለም፣ የቀን ሠራተኛ ነውና። በሁለቱ ኩባያዎች መካከል የወደቀው እሱ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ሰዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

መፍትሔው አዲስ ሕግ አይጠይቅም። ባለ እርሻው ሠራተኛ ሲመዘግብ ስሙን የሚጽፍበት መዝገብ አለ። ያንኑ ዝርዝር ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድና ስሙ ያለበት ሁሉ እንዲታከም፣ ሒሳቡ በየወሩ ከእርሻው እንዲከፈል ይፈራረም። የሠራተኞች ኃላፊ ከሆኑ ወይም ዘመድዎ ከሆነ፣ ውሉን ነሐሴ ላይ ይጨርሱት። ወባው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፣ አጨዳውም ያኔ ነው።