የተቃጠለ ዘይትና የሞተር መጋዝ፦ የሚባለውና የሆነው

የሞተር መጋዝ ሁለት ሰልባቲዮ አለው። በአንደኛው ቤንዚንና ለባለሁለት ምት ሞተር የተሠራ ዘይት ተደባልቀው ይገባሉ። ሁለተኛው ሰንሰለቱንና ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት፣ ባሩን፣ የሚያለሰልስ ዘይት ይይዛል። ከሁለተኛው የሚወጣ ዘይት ተመልሶ አይገባም። ፓምፑ ትንሽ ትንሽ እየገፋ በባሩ ጎን ባለች ቀዳዳ ወደ ባሩ ቦይ ይሰደዋል፤ የሰንሰለቱ የውስጥ ጥርሶች ከቦዩ እየጠረጉ እስከ ጫፍ ያደርሱታል፤ ከዚያ ከሰጋቱራው ጋር ተረጭቶ ይቀራል።

በእንጨት ቆራጮች ዘንድ ሥር የሰደደው እምነት የሚነሣው ከዚሁ ነው፦ ተረጭቶ ለሚጠፋ ነገር ገንዘብ አይወጣም፤ ከመኪና ሞተር የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት ይበቃዋል። ሐሳቡ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። የተቃጠለ ዘይት ያረጀ ቢሆንም ዘይት ነው፤ ሰንሰለትን ደረቁን ከማዞር ይሻላል። ለሰንሰለት ተብሎ የተሠራው ዘይት በየገጠሩ ሱቅ አይገኝም፣ ሲገኝም ይወደዳል። ባሕር ዛፍ ጥሎ አጣና በማቅረብ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጋራዥ በር ላይ በርካሽ የሚገኝ ጀሪካን ቀላል ነገር አይደለም። መጋዙም በማግስቱ አይቆምም። እምነቱ ዕድሜ ያገኘው ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከጥላሸቱ ነው። የሞተር ዘይት በውስጡ ያለው ቅመም ጥላሸትንና የብረት ብናኝን በትኖ አንሳፍፎ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ የተቃጠለ ዘይት ለሳምንት ቢቀመጥም አይጠልም፣ በነጠላ ቢጣራም አይጠራም፤ ነጠላው የሚይዘው ጉድፉን ብቻ ነው። የቀረው ወደ ሰልባቲዮው ገብቶ በትንሿ ማጣሪያ ላይ ይለጠፋል፣ በፓምፑ ውስጥ እንደ አሸዋ ይፈጫል፣ በባሩ ቀዳዳ ከሰጋቱራ ጋር ተለውሶ እንደ ጭቃ ይደርቃል። የዘይቱ ፍሰት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል፤ ባለመጋዙ የሚያውቀው ግን ባሩ ሲጨስና ጠርዙ በሙቀት ሲጠቁር ነው።

ሁለተኛው ችግር መጣበቅ ነው። በሙሉ ጉልበት የሚሠራ ሰንሰለት በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። በዚህ ፍጥነት የባሩን ጫፍ ሲዞር የሳሳ ዘይት ተወንጭፎ ይበተናል። የሰንሰለት ዘይት እንደ ማር የሚሳብ እንዲሆን ቅመም የሚጨመርበት ይህን ለመቋቋም ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይህ ጠባይ የለውም፤ ብዙውን ጊዜም ቤንዚን ወይም ናፍጣ ገብቶበት ቀጥኗል።

ከሁሉ የከፋው በሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ከሰንሰለቱ የሚረጨው ዘይት የሚያርፈው በእጅ፣ በልብስና በፊት ላይ ነው። የጀርመኑ ስቲል በመመሪያ መጽሐፎቹ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ተደጋጋሚ ንክኪ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ጠቅሶ ይከለክለዋል፤ የስዊድኑ ሁስክቫርናም ይከለክለዋል። «ሁለት ጊዜ የተጣራ» እያሉ የተቃጠለ ዘይት በውሃ ፕላስቲክ ሞልተው የሚሸጡ ነጋዴዎች ይህን አይናገሩም። ፍሰቱ ሲቆም ፓምፕ ቀይር ብሎ የሚመክረውም ብዙውን ጊዜ ዘይቱን የሸጠው ሰው ነው። አቅም ለሌለው መፍትሔው ሩቅ አልነበረም፦ የሰንሰለት ዘይት በማይገኝበት አካባቢ ኢፒ 90 የካምቢዮ ዘይት መጠቀም እንደሚቻል የሁስክቫርና የቆዩ መመሪያዎች ጽፈዋል። ያም በየመለዋወጫ ሱቁ አለ።

ፍሰቱ መኖር አለመኖሩ በግምት አይታወቅም። መጋዙ ተነሥቶ፣ የባሩ ጫፍ ከነጣ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ከተቆረጠ ግንድ ፊት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሳያስነኩ በሦስት አራተኛ ጉልበት አንድ ደቂቃ ሲሠራ፣ ግልጽ የዘይት መስመር መታየት አለበት። መስመር ከሌለ ፍለጋው የሚጀምረው ከፓምፑ ሳይሆን ከባሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ባሩ ሲወጣ ቀዳዳው በቀጭን ሽቦ ይከፈታል፤ ባር ተገልብጦ ስለሚሠራ ቀዳዳው በሁለቱም በኩል ነው፣ ሁለቱም መጽዳት አለባቸው። ቦዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጫራል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ በጣት ሲነካ በነጻነት መዞሩ ይታያል። ባሩ የሚቀመጥበት የመጋዙ ገላ ላይ ያለው የዘይት መውጫም በሰጋቱራ ተደፍኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ዘይት ካልመጣ ሰልባቲዮው ይታያል። ክዳኑ ሲከፈት አየር የሚስብ ድምፅ ከተሰማና ፍሰቱ ለጥቂት ጊዜ ከተመለሰ የተደፈነው መተንፈሻው ነው፤ አየር ካልገባ ዘይት አይወጣም። ቀጥሎ ማጣሪያው በተጠመዘዘ ሽቦ ተስቦ ይወጣል፣ የያዘው ቱቦም መሰንጠቁ ይታያል። የተሰነጠቀ ቱቦ ከዘይት ይልቅ አየር ይስባል።

ሌሎቹ እምነቶች ብዙ አያደክሙም። ማስተካከያ ብሎኑን እስከ መጨረሻው መክፈት የተደፈነ መንገድ አይከፍትም፤ ብሎኑ የሚወስነው ፓምፑ የሚገፋውን መጠን ብቻ ነው። በብርድ የወፈረን ዘይት በቤንዚን ማቅጠንማ የሚጨስ ብረት ላይ እሳት መጥራት ነው። በመደርደሪያ ላይ ያደረ መጋዝ ትንሽ ማንጠባጠቡ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ ባሩና ቦዩ ላይ የቀረ ዘይት ይወርዳል። ባር የሚግለው በዘይት እጥረት ብቻ ነው የሚለውም ግማሽ እውነት ነው፦ የደነዘዘ ወይም ከልክ በላይ የተወጠረ ሰንሰለት በቂ ዘይት እያለም ባሩን ያግላል። የደነዘዘውን የሚያድነው ዘይት ሳይሆን ሞረድ ነው።

የምግብ ዘይት ነገር ትንሽ ይለያል። በአውሮፓ ደኖች ከእፅዋት የተሠራ የሰንሰለት ዘይት በሰፊው ይሠራበታል፣ ስለዚህ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ነገር ግን ያ ዘይት እንዳይደርቅ የሚያደርግ ቅመም ገብቶበታል። የኑግ ዘይት በተፈጥሮው አየር ሲያገኝ የሚደርቅ ዓይነት ነው፤ መጋዙ ውስጥ ከርሞ እንደ ሙጫ ሲጠጥር ፓምፑን ይይዘዋል።

ፓምፑ ራሱ የሚጠረጠረው በመጨረሻ ነው። በብዙ መጋዞች ፓምፑን የሚያዞረው ፍሪሲዮኑ አጠገብ ያለ ጠመዝማዛ ማርሽ ሲሆን በአንዳንዶቹ ፕላስቲክ ነው። የሰንሰለቱ ፍሬን እንደተያዘ ነዳጅ ሲሰጥ ፍሪሲዮኑ ይግላል፣ ማርሹም ቀልጦ ጥርሱ ይበላል። ይህን ፈትቶ ማየት የጋራዥ ሥራ ነው። አዲስ ፓምፕ ከመገጠሙ በፊት ሰልባቲዮው በንጹሕ ዘይት ካልታጠበና ማጣሪያው ካልተቀየረ፣ በአሮጌው ፓምፕ ውስጥ ሲፈጭ የነበረው ጥላሸት ወደ አዲሱ ይሄዳል።