ሳይጠማም ውሃ ይጎድላል፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከጂንካ በማለዳ ተነስቶ በዲመካና በቱርሚ በኩል ወደ ኦሞራቴ የሚወርድ ሰው፣ «ሹፌሩ ለሽንት አይቆምልኝም» ብሎ ውሃ ሳይቀምስ ይሳፈራል። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ጠዋቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ጥም ትዝ አይልም። ከ500 ሜትር በታች ያለችው ኦሞራቴ ሲደርስ ግን ራሱን ይፈልጠዋል፤ በትንሽ በትልቁም ይነጫነጫል።

ተረት፦ «ካልጠማኝ ውሃ አልጎደለኝም።»
እውነት፦ ጥም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ በአረጋውያን ላይ ስሜቱ ራሱ ይደክማል። ራስ ምታት፣ ብድግ ሲሉ ማዞር፣ የሐሳብ መበታተን፣ የአፍ ጠረን መለወጥና የሆድ ድርቀት የውሃ እጥረት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

ተረት፦ «አላላበኝም፤ ምን ውሃ ወጣኝ?»
እውነት፦ በቆላው ደረቅ ሙቀት ላብ ሳይታይ ይተናል። ሸሚዝዎ ደረቅ ሆኖ አንገትጌው ላይ ነጭ የጨው ምልክት ካዩ፣ ላቡ ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው።

ተረት፦ «ሾፎሮና ቡና ሰውነትን ያደርቃሉ።»
እውነት፦ ከቡና ገለባ ተፈልቶ በቅል የሚጠጣው ሾፎሮ አብዛኛው ውሃ ነው። በመጠኑ የተጠጣ ቡናም ከሚያሸናው ይልቅ የሚተካው ይበልጣል። አረቄ ግን ሌላ ነው፤ አልኮል ኩላሊትን «ውሃ ቆጥብ» የሚለውን ሆርሞን ያፍናል።

ተረት፦ «ቆላ ወርዶ ራስ ካመመ ያው ወባ ነው።»
እውነት፦ ወባም፣ የውሃ እጥረትም ሊሆን ይችላል። ሽንትዎን ይመልከቱ፤ ፈዛዛ ቢጫ ደኅና ነው፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ ውሃ ይጠጡ። ጠጥተውም ካልፈዘዘ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄደው ደምዎን ይመርመሩ።

ተረት፦ «ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ ከጠጣ ይብስበታል።»
እውነት፦ የሚጎዳው መከልከሉ ነው። ጡት አይቋረጥ፤ ሕይወት አድን ንጥረ ቅመም (ኦአርኤስ) ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ በማንኪያ ይስጡት። ያለ እንባ ካለቀሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ወይም የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ጤና ጣቢያ መውሰዱ ለነገ አይባልም።

ነገ ወደ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ ሳይጠማዎት ጠጥተው ይሳፈሩ፤ ለመንገዱም ውሃ ይያዙ። «ወራጅ አለ፣ ለሽንት!» ማለት አያሳፍርም።