አንድ ዝናብ የሠራቸው ሁለት ድንቆች፤ የገሠርጊዮ ዓምዶችና የኮንሶ እርከን

ሰው አስደናቂ ነገር ለማየት ሲል ብዙ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ነገር ግን በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በሚገኘው በኮንሶ አገር፣ አንዱ የተፈጥሮ፣ ሁለተኛው የሰው እጅ ሥራ የሆኑ ሁለት ድንቆች ተቀራርበው ይታያሉ። ሁለቱም የተገኙት በአንድ ዝናብ ምክንያት ስለ ሆነ፣ አገር የሚያስተዳድርና መሬት የሚያለማ ሰው አስተያይቶ ቢመለከታቸው ትልቅ ትምህርት ያገኝባቸዋል።

ፊተኛው ከካራት ከተማ ብዙ በማይርቀው በገሠርጊዮ መንደር አጠገብ ያለው ሸለቆ ነው። ምድሩ ልልና አሸዋማ ስለ ሆነ፣ የዝናብ ውሃ ከላይ ወደ ታች እየሰነጠቀ አፈሩን ጠርጎ ሲወስደው፣ የቀረው ክፍል ረዣዥም ዓምዶች ሆኖ እንደ ታላቅ ከተማ ፎቆች ተደርድሮ ቆሟል። ስለዚህም ጎብኚዎች በአሜሪካ ከተማ ስም «ኒው ዮርክ» ብለው ይጠሩታል። የአገሩ ሰዎች ግን፣ የተሰረቀ ከበሮ በዚያ ተቀብሮ ኖሮ፣ እርሱን ለማውጣት ሲባል ምድሩ በተአምር ተቆፈረ እያሉ ይተርካሉ። ስፍራው ለዓይን እጅግ ያማረ ነው፤ ሆኖም በዓምዶቹ መካከል እህል የሚዘራበት መሬት አይገኝም። አፈሩን ጎርፉ ወስዶታልና።

ሁለተኛው ድንቅ የኮንሶ ሰዎች በየተራራው ወገብ ላይ የሠሩት የድንጋይ እርከን ነው። አገሩ ተራራማና ድንጋያማ ነው፤ ዝናቡም ጥቂትና ጊዜው የማይታመን ሲሆን፣ በመጣ ጊዜ በኃይል ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ገበሬው ለእርሻው እንቅፋት የነበረውን ድንጋይ ለቅሞ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ እየካበ፣ ተዳፋቱን ሁሉ እንደ ደረጃ አደረገው። የካቡ ቁመት እንደ ተዳፋቱ ሁኔታ የሚለያይ ሲሆን፣ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል።

የእርከኑ ጥቅም ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ አፈሩ በጎርፍ እንዳይወሰድ ያግዳል። ሁለተኛ፣ ውሃው በየደረጃው ቆሞ ወደ ምድር እንዲሰርግ ያደርጋል። ሦስተኛ፣ ከመጠን ያለፈው ውሃ ካቡን ሳያፈርስ በተበጀለት መውጫ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ማሽላው ከሌላ እህል ጋር ተሰባጥሮ ይዘራል፤ በመካከሉም ቅጠሉ የሚበላው የሽፈራው ዛፍ ይበቅላል። መሬቱ ጠባብ በመሆኑ የሚቆፈረው በእጅ መሣሪያ ነው፤ ከብቶቹም በመንደር ታስረው ሲቀለቡ፣ ፍጉ ወደ እርሻው ይወሰዳል።

ይህ ሥራ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በኮንሶ ሰዎች የትውልድ አቆጣጠርም 21 ትውልድ ያህል ዘልቋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ2003 ዓ.ም. 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ቦታ፣ በድንጋይ አጥር ከተከበቡት መንደሮች ጋር አንድ አድርጎ፣ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ነገር ግን የበለጠ የሚያስደንቀው የካቡ አሠራር ሳይሆን የጥበቃው ሥርዓት ነው። በጭቃ ያልተያያዘ ካብ በየጊዜው ካልታደሰ አይቆይም። የላይኛው እርከን አንድ ድንጋይ ሲነሣ ውሃው በዚያ በር ተሰብስቦ ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ ታችኛውም የባሰውን ኃይል ስለሚቀበል ይፈርሳል። ስለዚህ የአንዱ ገበሬ ስንፍና የጎረቤቱ ጥፋት ነው። የኮንሶ ሰዎች ይህን አውቀው፣ ከአንድ ሰው ጉልበት በላይ የሆነውን በኅብረት ይሠራሉ፤ ለአገር የሚሆነውም ሥራ በትውልድ ማዕረግ ተከፋፍሎ ለወጣቱ ይሰጣል። ልጅም ከአባቱ መሬቱን ሲወርስ የመጠገኑን ግዴታ አብሮ ይወርሳል።

ይህ ሥርዓት በሌለበት ስፍራ እርከን ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም የኢትዮጵያ ደጋ አገሮች ታሪክ ይመሰክራል። ከ1966 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ባሉት ዓመታት በየተራራው ብዙ እርከን ለሥራተኛው እህል እየተከፈለ ተሠርቶ ነበር። ዳሩ ግን ገበሬው ሥራውን ከላይ በትእዛዝ የመጣ እንጂ የራሱ አድርጎ ባለመቍጠሩ፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ ፈረሰ፤ ያልፈረሰውም ጠጋኝ አጣ። በሁለቱም አገር ድንጋዩ ድንጋይ፣ ጎርፉም ጎርፍ ነው፤ ልዩነቱ ካቡን የእኔ ነው የሚል ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ ስለ መሬት ጥበቃ የሚያስብ ሹም በዓመቱ መጨረሻ ስንት ሜትር እርከን ተሠራ ብሎ ቢጠይቅ የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ጠይቋል። ካለፈው ክረምት ስንቱ ቆሞ ተገኘ፣ የፈረሰውንስ ማን ካበው፣ ከሚመጣው ዝናብ በፊትስ የማን ተራ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ዝናብ በየተዳፋቱ መውረዱ አይቀርም፤ ተከልካይ ካላገኘ የገሠርጊዮን ዓምዶች ይሠራል፣ ካብና ጠባቂ ካገኘ ግን ማሽላ ያበቅላል።